አንድ ቀለህ ስንት ጊዜ ይተኮሳል? የካውቦይ ተኳሾች የጓዳ ሥራ

ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ አይታችኋቸው ይሆናል። ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቁ፣ ሰደርያ የለበሱ፣ ግራና ቀኝ ሽጉጥ የታጠቁ ጎልማሶችና አዛውንቶች የብረት ኢላማ ፊት ቆመው ጧ! ጧ! ጧ! ያደርጉታል፤ ኢላማውም ቅጭል ይላል። ፊልም ቀረጻ እንዳይመስላችሁ፤ ስፖርት ነው። አሜሪካኖቹ «ካውቦይ አክሽን ሹቲንግ» ይሉታል።

ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ አብዛኛው ሰው ግን እዚያ ሳይደርስ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፈዋል። ተኳሹ ጨርሶ ዞር ሲል ሌሎች ሰዎች ጎንበስ ብለው መሬት ላይ የተበተነውን ባዶ ቀለህ ይለቅማሉ፤ ከዚያም ለባለቤቱ ይመልሱለታል። አንዳንዱ እንደውም ቀለሁ ከሌላ ሰው እንዳይቀላቀልበት ቂጡን በማርከር ቀለም ቀብቶ ነው የሚመጣው።

«የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ምን ይሠራለታል?» ካላችሁ፣ ወሬው ያለው እዚያ ነው። ያ ባዶ ቀለህ ጋራዥ ውስጥ ይታጠባል፣ ይለካል፣ አንዳንዴ ይከረከማል፣ እንደገና ይሞላል፣ በሚቀጥለው ውድድር ደግሞ ይተኮሳል። ዛሬ ይህን የጓዳ ሥራ እናያለን፤ የሚያስደንቀውንም፣ ጣት የሚያስቆርጠውንም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንናገር፦ እቤት ሞክሩት ብለን አይደለም፤ የባሩድ ልክም እዚህ ጽሑፍ ላይ አታገኙም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ስፖርቱ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የሚመራው ማኅበር፣ በአጭሩ «ሳስ» የሚባለው፣ በ1987 ተመሠረተ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምንጠራው)። ሕጉ ደስ ይላል። እያንዳንዱ አባል የካውቦይ ዘመን ልብስ ይለብሳል፣ የራሱ የሆነ፣ ሌላ አባል የማይጠቀምበት የውሸት ስም ያወጣል። መሣሪያውም የዘመኑ ወይም የዘመኑን የሚመስል መሆን አለበት፤ ሁለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፣ በእጀታ የሚጎርስ ጠመንጃና የአደን ጠመንጃ። ሽጉጡ ስድስት ይጉረስ እንጂ የሚሞላው አምስት ብቻ ነው። መዶሻው ባዶው ጉድጓድ ላይ ያርፋል፤ እነዚያ የድሮ ሽጉጦች ሲወድቁ ሳይታሰብ ሊተኩሱ ስለሚችሉ። አሸናፊው በሰከንድ ነው የሚለየው፤ አንድ ኢላማ የሳተ ደግሞ አምስት ሰከንድ ይጨመርበታል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። በአንድ ዙር ከሁለቱ ሽጉጦች አሥር፣ ከጠመንጃው አሥር ጥይት ይወጣል። በአንድ ቀን አምስት ወይም ስድስት ዙር አለ። ስለዚህ የአደን ጠመንጃውን ሳንቆጥር መቶ ጥይትና ከዚያ በላይ ነው። እሱም ለውድድሩ ብቻ፤ ልምምዱ ሌላ ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ እነዚህ ሰዎች የሚወዱት «45 ኮልት» የሚባለው ጥይት በ1873 ከታዋቂው የኮልት ሽጉጥ ጋር የወጣ አሮጌ ጥይት ነው። እንደ ዘጠኝ ሚሊ ሜትሩ በገፍ አይመረትም፤ ዋጋውም እንደዚያው ወደድ ይላል። በ2020 እና በ2021 አሜሪካ ውስጥ ጥይት ከመደርደሪያ ላይ ሲጠፋ ደግሞ ገንዘብ ያለውም ማግኘት አልቻለም ነበር። በጓዳው የሚሞላ ሰው ግን፣ ዕቃ ያጠራቀመ ከሆነ፣ መተኮሱን አላቆመም።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። አንደኛው ከፊት የሚወጣው አረር ነው። ሁለተኛው ባሩዱ። ሦስተኛው ፕራይመር የሚባለው፣ ከቂጡ መሐል የተሰካችው ትንሽ ክብ ማቀጣጠያ፤ መዶሻው ሲመታት እሳት ትተፋለች። አራተኛው እነዚህን ሁሉ የሚይዘው ቀለህ። ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ፕራይመሯም ሥራዋን ትጨርሳለች። ቀለሁ ግን ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ ውዱ ደግሞ እሱ ነው።

ቀለሁ ነሐስ የሆነው ለማማር አይደለም። ለቀለህ የሚሆነው ነሐስ መቶኛ ሰባ መዳብ፣ ሠላሳ ዚንክ ነው። ባሩዱ ሲነድ ቀለሁ ይለጠጥና የሽጉጡን ግድግዳ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ይዘጋል። ግፊቱ ሲያልቅ ደግሞ ትንሽ ስብስብ ስለሚል በቀላሉ ይወጣል። ይህን መለጠጥና መሰብሰብ ደጋግሞ መቻሉ ነው ጥቅሙ። ያው ብረት ብረት ነውና በተለጠጠ ቁጥር እየደረቀ፣ እየተሰባበረ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም ብዙ ጊዜ አፉ ነው።

በነገራችን ላይ ባዶም ሆነ ሙሉ፣ ጥይት ዋጋ ያለው ዕቃ መሆኑ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን «ውጅግራ» ያሉት ጠመንጃ ስሙ የመጣው ከፈረንሳዩ የ1874 «ፉዚል ግራ» ነው፤ ከኮልቱ ሽጉጥ ጋር የአንድ ዓመት ልዩነት ያለው እኩያ። የውጅግራ ጥይት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያም በኋላ በገበያዎቻችን እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ለዝርዝር መገበያያ ያገለግል ነበር። የማሪያ ቴሬዛን ብር በጥይት መመንዘር ማለት ነው፤ አስቡት!

ወደ ጋራዡ እንመለስ። የተለቀመው ቀለህ መጀመሪያ ይታጠባል። የተለመደው ዘዴ የሚንቀጠቀጥ ሳህን ውስጥ ከተፈጨ የዋልነት ልጣጭ ወይም ከበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር ለሰዓታት ማመስ ነው። የካውቦይ ቀለህ በጣም ይጠቁራል፤ ምክንያቱም ጥይቱ ደካማ ነው። የ45 ኮልት ጣሪያ ግፊት በአሜሪካ መለኪያ 14,000 ፒኤስአይ ሲሆን የዘጠኝ ሚሊ ሜትሩ 35,000 ነው። የካውቦዮቹ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ግፊቱ ሲያንስ ቀለሁ በደንብ አይለጠጥም፣ ጢሱም በጎን ሾልኮ ጥላሸት ይቀባዋል። በ1873 ከዊንቸስተር ጠመንጃ ጋር የወጣው 44-40 የሚባለው ጥይት አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ይህ ችግር ይቀንስለታል፤ ግን ያው ቀጭንነቱ ሲሞሉት ቶሎ ያጨማድደዋል። ሁሉን አሟልቶ አይሰጥም።

ከታጠበ በኋላ አንድ በአንድ በዓይን ይታያል። የተሰነጠቀ ይጣላል። የቀረው ፕሬስ በሚባለው ማሽን ላይ ጠንካራ ብረት ቀዳዳ ውስጥ ይገፋል፤ የተለጠጠው አካሉ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል፣ የተቃጠለችውም ፕራይመር ተገፍታ ትወጣለች። የፕሬሱ ዓይነት ብዙ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ከሚሠራው ቀላል የእጅ ማሽን እስከ እነ ዲሎን ያሉት፣ እጀታው አንዴ በተሳበ ቁጥር አንድ ያለቀለት ጥይት የሚያወጡ።

አሁን መከርከሙ መጣ። ብዙ ክርክር ያለበት ቦታም ይሄ ነው።

የ45 ኮልት ቀለህ ከፍተኛው ርዝመት 32.64 ሚሊ ሜትር ነው። ሲከረከም የሚወርደው ወደ 32.39 ገደማ ነው። ልዩነቱ ሩብ ሚሊ ሜትር፤ ሁለት ሦስት ወረቀት ብትደራርቡ የምታገኙት ውፍረት። ሥራው የሚሠራው ትንሽ የቶርኖ ማሽን በምትመስል፣ በእጅ በምትሽከረከር መከርከሚያ ነው። ቀለሁ በቂጡ ይያዛል፣ ምላጩን ቀጥ አድርጎ የሚመራ ዘንግ አፉ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ዞር ዞር ሲደረግ ከጠርዙ የነሐስ ቅርፊት ይረግፋል። የተቆረጠው ጠርዝ ስለታም ስለሚሆን ከውስጥም ከውጭም በትንሹ ይሞረዳል፤ አለዚያ አረሩ ሲገባ ይፋቃል። ርዝመቱ ደግሞ በካሊፐር ይረጋገጣል።

ሩብ ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ምን ያካብዳታል? የጥይቱን አሠራር ካየን መልሱ ቀላል ነው። አረሩ ከገባ በኋላ የቀለሁ ከንፈር ወደ ውስጥ ይታጠፍና አረሩ ላይ ያለውን ቦይ ቆንጥጦ ይይዛል። ይህን የሚያጥፈው መሣሪያ አንዴ ከፍታው ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣለትን ቀለህ ሁሉ እዚያው ከፍታ ላይ ነው የሚያጥፈው። ረጅም ቀለህ ሲመጣለት ከልክ በላይ ይጫነዋል፤ ቀለሁ ከከንፈሩ በታች ይጨማደድና ሽጉጡ ውስጥ አልገባ ይላል። አጭር ሲመጣለት ደግሞ ሳይቆነጥጠው ያልፈዋል፣ አረሩ ላልቶ ይቀራል።

የላላ አረር በሽጉጥ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ሽጉጡ ሲተኩስ ወደ ኋላ ይረግጣል። ገና ያልተተኮሱት ቀለሆች አብረውት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ አረራቸው ግን ባለበት ሊቀር ይፈልጋል። አውቶብስ ድንገት ሲነሳ ቆሞ የሚሄድ ሰው እንደሚሆነው ማለት ነው። በሁለት ሦስት ተኩስ ውስጥ አረሩ ተንሸራቶ ከፊት ብቅ ይልና ሲሊንደሩን አላዞር ይላል። በጠመንጃው ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ጥይቶቹ በቱቦ ካዝና ውስጥ አፍና ቂጥ ገጥመው ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ያለ ሞላ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። የላላ አረር ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጥይቱ ያጥራል። የዊንቸስተር 1873 ዓይነት ጠመንጃ ጥይትን የሚያነሳው በልክ በተሠራች ሳጥን ነው፤ ጥይቱ ረዘመም አጠረም ሳጥኗ ትቀረቀራለች። ሰዓቱ እየቆጠረ ካውቦያችን እጀታውን እየታገለ ይቀራል። በዚያው ቱቦ ምክንያት ነው የካውቦይ አረር አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነው፤ ሹል ቢሆን የፊተኛውን ጥይት ፕራይመር ሊወጋ ይችላላ!

ታዲያ ሁሌ መከርከም አለበት? እዚህ ላይ የድሮዎቹ ተኳሾች «ኧረ ተዉን፣ በሕይወታችን ከርክመን አናውቅም» ይላሉ። ውሸታቸውን አይደለም። አንገት ያላቸው የጦር ጠመንጃ ቀለሆች በተተኮሱ ቁጥር ስለሚረዝሙ መከርከም ግዴታቸው ነው። ቀጥ ያሉት የሽጉጥ ቀለሆች ግን በዝቅተኛ ግፊት ሲተኮሱ ብዙም አይረዝሙም፤ እንዲያውም ሲያጥሩ የሚታዩ አሉ። ከዚህ ሌላ የ45 ኮልት ጥይት ሽጉጡ ውስጥ የሚቆመው በቂጡ ክፈፍ ተደግፎ ነው፣ በአፉ አይደለም። ስለዚህ ትንሽ ቢያጥርም መሣሪያው ይይዘዋል።

እኛ የሚመስለን ይሄ ነው፦ የተለያየ ፋብሪካ ቀለህ ቀላቅሎ የሚሞላ ሰው መጀመሪያ ላይ አንዴ ሁሉንም እኩል አድርጎ ቢከረክም ያተርፋል። በየዙሩ የሚከረክም ግን ነሐሱንም ጊዜውንም ነው የሚፈጀው። ከመከርከም ይልቅ መለካት፤ መለካት ምንም አያስወጣም።

አሁን ጣት ወደሚያስቆርጠው እንሂድ።

45 ኮልት ሲፈጠር የሚሞላው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ ቀለሁም ትልቅ የሆነው ለዚያ ነው። በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጢስ አልባውን ባሩድ ሠራ። አዲሱ ባሩድ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ለዚያው ሥራ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በተለይ ለካውቦይ ጥይት፤ ምክንያቱም ኢላማው ብረት ሆኖ ቅርብ ስለሚቆም ማኅበሩ የፍጥነት ጣሪያ አስቀምጧል፤ ለሽጉጥ በሰከንድ 1,000 ጫማ፣ ማለትም 305 ሜትር ገደማ። ለጠመንጃው 1,400 ጫማ። አረሩም እርሳስ ብቻ ነው።

ችግሩ ገባችሁ? ትልቅ ቀለህ፣ ትንሽ ባሩድ። ብርጭቆ ሥር ላይ እንደቀረ ሻይ ነው። አንድ ሰው ሐሳቡ ተበትኖ አንዱን ቀለህ ሁለቴ ቢሞላው አይፈስም፣ አይታወቅም። አረሩ ከላይ ይገባል፣ ከንፈሩ ይታጠፋል፣ ጥይቱ እንደ ወንድሞቹ ሆኖ ዝናር ላይ ይሰካል። ሲተኮስ ግን ሲሊንደሩ ይፈነዳል። ሲሊንደሩ ያለው ደግሞ ከተኳሹ ፊት የክንድ ርቀት ላይ፣ ከጣቱ አጠገብ ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ ጭራሽ ባሩድ ሳይጨምሩ ማለፍ። ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዙ መሐል ትወትፈዋለች። ድምፁ ጧ! ሳይሆን ጡፍ ነው። የሚቀጥለው ጥይት ከተተኮሰ የተወተፈውን ይገጨዋል፣ አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይቀደዳል። ለዚህ ነው ሰዓት ያዡ ከተኳሹ ጎን ጆሮውን አቁሞ የሚቆመው። በሰከንድ ክፋይ የሚሮጥ ሰው ድምፁን ላያስተውል ይችላል፤ ሰዓት ያዡ ግን አጠራጣሪ ድምፅ ሲሰማ «አቁም!» ብሎ ይጮኻል።

ጥንቁቅ የሆኑት እንዲህ ያደርጋሉ። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በላይ አይቀመጥም። ልኩ ከግምት ወይም ከጓደኛ ሳይሆን ባሩድ አምራቹ ካተመው መጽሐፍ ይወሰዳል። ሚዛኑ ይፈተሻል። አረሩ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ቀለህ ውስጥ በባትሪ ይታያል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ «ትሬል ቦስ» የሚባል ባሩድም ነበር፤ ፍሬው መሐሉ ቀዳዳ ያለው ቀለበት ስለሆነ ቀለሁን ሞላ ያደርገዋል፣ ሁለቴ ከተሞላም ያስታውቃል። ባለፉት ዓመታት ግን እሱን ማግኘት ከባድ ሆኗል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልክ እዚያ ክፍል አይገባም። አዎ፣ የእኛም ኖቲፊኬሽን ቢሆን። አንድ «ቲንግ» ሲል ቀና ማለት ሁለቴ ለመሙላት ይበቃል።

ዝም ብሎ የሚጎዳ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሳስ። አረሩ እርሳስ ነው፣ ብዙዎቹ ፕራይመሮችም የእርሳስ ውህድ አለባቸው፣ ማጠቢያው ሳህን ውስጥ የሚቀረው አቧራ ይህንኑ ይዟል። ስለዚህ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት አይሠራም። እዚያ እየሠሩ መብላትም የለም፤ ሲጨርሱ እጅ በሳሙና ነው።

አንድ ጥይት ከውጭ ሲታይ ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም ያልነውን በደንብ የሚያሳየው በዜና የሰማችሁት ነገር ነው። ጥቅምት 2021 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ «ረስት» የተባለው የካውቦይ ፊልም ሲሠራ ተዋናይ አሌክ ባልድዊን የያዘው የኮልት 45 ቅጂ ሽጉጥ ተኩሶ የካሜራ ባለሙያዋን ሃሊና ሃቺንስን ገደለ፣ ዳይሬክተሩን አቆሰለ። ሽጉጡ ውስጥ መኖር የነበረበት የማስመሰያ ጥይት ነበር። የማስመሰያ ጥይት ደግሞ እውነተኛ ቀለህና እውነተኛ አረር ነው፤ ባሩድ ብቻ ነው የሌለው። የሚለዩት ቀለሁ ጎን ላይ በተበሳ ቀዳዳ፣ ወይም ውስጡ ትንሽ የብረት ፍሬ ተደርጎ ሲነቀነቅ ኳ ኳ በማለቱ ነው። ማንም አንስቶ አልነቀነቀውም፣ ወይም በትክክል አላየውም። የመሣሪያ ኃላፊዋ በ2024 ጥፋተኛ ተብላ 18 ወር ተፈረደባት፤ የባልድዊን ክስ በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ሕጉን ለሚጠይቁ፦ አሜሪካ ውስጥ ለራስ መተኮሻ ጥይት መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም። ለመሸጥ ግን ይጠይቃል። እዚያ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩት በቀር፣ ጥይት መያዝ ራሱ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። «የጓደኛዬ ነው፣ ስለቅምለት ነው» ማለት አያዋጣም። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ በጓዳ ጥይት መሙላት የሚባል ጨዋታ የለም።

እና አንድ ቀለህ ስንት ጊዜ ይተኮሳል? የተቆረጠ ቁጥር የለውም። በካውቦዮቹ ዝቅተኛ ግፊት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ መሄድ የተለመደ ነው፤ ከንፈሩን አብዝቶ የሚከፍትና አጥብቆ የሚያጥፍ ሰው ቀለህ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ እጁ የለዘበ ደግሞ ረጅም ዕድሜ ያገኛል። ልምድ ያለው ተኳሽ ስንጥቁን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል፤ እፍኝ ቀለህ መዳፉ ላይ ሲያንቀጫቅጭ የተሰነጠቀው እንደ ተሰበረ ሲኒ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ያንን መርጦ ያወጣና ሌላ ሰው ተሳስቶ እንዳይሞላው በጉጠት ጨፍልቆ ባልዲ ውስጥ ይጥለዋል። ባልዲው ሲሞላ በኪሎ ለብረታ ብረት ገዢ ይሸጣል። እንጦጦ አካባቢ ደግሞ ያንኑ ነሐስ፣ ከጦርነት የቀረውን ቀለህ፣ አቅልጠው ዶቃና የአንገት ጌጥ የሚሠሩ እናቶችና ወጣቶች አሉ፤ ሥራቸው ውጭ አገር ድረስ ይሸጣል።